የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም ሆሄው ሲለዋወጥ ዱካውን የመከታተል አሠራር

ገጣሚው ሮበርት በርንስ በ1759 ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ዛሬ በሚታወቅበት ሆሄ አልነበረም፤ አባቱ ዊልያም ከመጨረሻው ኤስ በፊት ኢ የምትባለውን ፊደል እያስገቡ ይጽፉት ነበር። ሮበርትና ወንድሙ ጊልበርት የጣሏት በ1786፣ አባታቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ደግሞ ሲወለድ ስሙ የሚጻፈው «ቤት» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል በሚጻፍበት ሆሄ ነበር፤ እንግሊዞች እንደ ስኮትላንዳውያን «ሂዩም» ብለው ማንበብ ስላቃታቸው በ1734 አጻጻፉን ቀየረው። እነዚህ ሰዎች ዝነኞች ስለሆኑ ለውጡ ተመዝግቦ ቆየ። የአንድ አናጢ ወይም የአንድ ዓሣ አጥማጅ ስም ሲለወጥ ግን ማስታወሻ የያዘለት ሰው ስለሌለ፣ ዱካውን የምናገኘው በመዛግብቱ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ በመሄድ ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ ከስኮትላንድ ተወላጅ ጋር ትዳር መሥርተው የልጆቻቸውን የሁለት ወገን የዘር ሐረግ ለሚያዘጋጁ፣ ወይም በሌላ ምክንያት የስኮትላንድን መዛግብት ለሚመረምሩ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። በፓስፖርቱ፣ በመኖሪያ ፈቃዱና በባንክ ደብተሩ ላይ የአባቱ ስም በሦስት ዓይነት የላቲን ሆሄ ተጽፎ ያየ ሰው የችግሩን ጠባይ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ፣ ባለስሙም ሳያርም ተቀበለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። የላቲን ፊደላቱ በስማቸው ስለሚጠሩ፣ እርሳስና ወረቀት ይዘው እየጻፉ ቢያነቡ ይቀልልዎታል።

አንደኛ፦ ስሙን በጆሮ ይያዙ

ከሁሉ አስቀድመው በሕይወት ያሉትን የቤተሰቡን አረጋውያን ስሙን ጮክ ብለው እንዲጠሩት ይጠይቁና የሰሙትን በአማርኛ ፊደል ይጻፉ። ፊደላችን አናባቢውን ከተነባቢው ጋር ይዞ ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የስኮትላንድ ስሞች ሲጻፉና ሲነበቡ እጅግ ሊራራቁ ይችላሉና ይህን እርምጃ አይዝለሉት። ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ዜድ፣ አይ፣ ኢ፣ ኤስ ተብሎ የሚጻፈው ስም በነባሩ አነጋገር «ሚንጊስ» ይባላል፤ ዲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ዜድ፣ አይ፣ ኢ፣ ኤል ተብሎ የሚጻፈውም «ዲየል» ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስኮትስ በተባለው፣ ለእንግሊዝኛ ቅርብ በሆነው የስኮትላንድ ቋንቋ ጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ 3 ቁጥርን የምትመስል፣ ድምፅዋ ለ«የ» የቀረበ፣ «ዮህ» የምትባል ፊደል ነበረች። አታሚዎች የእርሷ ቅርጽ በማተሚያቸው ስላልነበረ በመልክ በምትቀርባት በዜድ ተኳት፤ በወረቀት ላይ ዜድ ቀረች፣ በሰዎች አፍ ላይ ግን የድሮው ድምፅ ጸና። እንግዲህ አንድ የገጠር ጸሐፊ «ሚንጊስ» ሲባል ሰምቶ ኤም፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ ብሎ ቢጀምር፣ በዜድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ያንን መዝገብ ፈጽሞ አያገኘውም። በመካከሉ ኤል፣ ኪውና ዩ ተሸክሞ የሚጻፈው «ኮሁን» እና ሲታይ «ሩትቨን» የሚመስለው «ሪቨን» እንዲሁ ናቸው።

የሰሙትን ከጻፉ በኋላ አንድ ገጽ ወስደው ስሙ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ሆሄዎች ሁሉ ይዘርዝሩ። በዝርዝሩ ላይ የሚከተሉትን ልማዶች አንድ በአንድ ይሞክሩባቸው። በስኮትስ አጻጻፍ ዛሬ በደብሊውና ኤች የሚጀምሩ ቃላት በኪው፣ ዩና ኤች ይጀምሩ ስለነበር፣ ዋይት የተባለው ቤተሰብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰነድ ውስጥ በኪው ሥር ሊገኝ ይችላል። ዩ፣ ቪና ደብሊው አንዱ በሌላው ቦታ ይገባሉ፤ አይና ጄም እንደዚሁ። ትልቁ ኤፍ በድሮ እጅ ጽሕፈት ሁለት ትናንሽ ኤፍ ሆኖ ይታያል፤ ፍሬዘርን ይህ ያገኘዋል። በቃሉ መጨረሻ ላይ የምትንጠለጠለው ኢ ጸሐፊው ሲያሻው የሚጨምራት፣ ሲያሻው የሚተዋት ናት። በ1770 ጎንደር የገባው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የሚጠራበት የቤተሰብ ስም ከኖርማንዲ የመጣ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ሰነዶች ዛሬ ሲና ኢ ባሉበት ቦታ በኤስ ያበቃ ነበር። ስቱዋርት የሚለውም በደብሊው የሚጻፍና በዩ የሚጻፍ ተብሎ ለሁለት የተከፈለው፣ ንግሥት ሜሪ ያደገችባት ፈረንሳይ ደብሊውን ስላልለመደች እንደሆነ ይነገራል፤ በተራ ቤተሰቦች መዝገብ ግን ሁለቱ ሆሄዎች በአንድ አባት ልጆች መካከል እንኳ ይፈራረቃሉና ከልዩነቱ የንግሥና ዝምድና አይፈልጉበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ጆንስተንና ጆንሰን ከሥራቸው የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከቦታ ስም፣ ሁለተኛው «የጆን ልጅ» ከሚለው የመጣ ነው። ጸሐፊዎች ግን ቲዋን እያስገቡና እያወጡ ስላደበላለቋቸው፣ ሲፈልጉ ሁለቱንም ይፈልጉ፤ ሲያምኑ ግን አንዱን ብቻ ይመኑ።

ሁለተኛ፦ ማክ የሚለውን መነሻ ይፍቱ

«ማክ» የስኮትላንድ ተራራማ ምድር ነባር ቋንቋ በሆነው በጌሊክ «ልጅ» ማለት ነው። ማክ በሦስት ፊደል ሲጻፍ ስኮትላንዳዊ፣ ኤምና ሲ ብቻ ሲሆን አይርላንዳዊ ነው የሚለው በስፋት የሚወራ ነገር መሠረት የለውም፤ ኤምና ሲም ሆነ ኤም ከነጭረቷ አጽሕሮት ብቻ ናቸው፤ አንድ ጸሐፊ በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱንም ሊጠቀም ይችላል። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ከማክ ቀጥሎ ያለው ድምፅ ነው። የማክ የመጨረሻ ድምፅ ወደ ተከታዩ ክፍል እየተሸጋገረ፣ ማክ አሊስተር «ማካሊስተር» በሁለት ሲ፣ ማክ አስኪልም «ማካስኪል» በሁለት ሲ ሆነው ይጻፋሉ። ማክ ጨርሶ የሚወድቅበትም ጊዜ አለ፤ የማክዶናልድ ልጆች ዶናልድ ወይም ዶናልድሰን ተብለው ይገኛሉ። በጌሊክ የዶናልድ የመጀመሪያ ድምፅ ከማክ ሲገናኝ ስለሚላላ ደግሞ፣ ጆሮውን ያመነ ጸሐፊ ያንኑ ስም «ማኮኔል» አድርጎ ጽፎታል።

ለእኛ አንባቢ በተለይ የሚጥመው «ጊለ» የሚለው ቃል ነው። «አገልጋይ» ማለት ሲሆን ሥራው ልክ እንደ ገብረ ነው፤ የቅዱስ ስም ይከተለዋል። ማክሊን የሚባለው ስም ሲፈታ የ«ጊለ ዮሐንስ» ልጅ፣ በእኛ አነጋገር የገብረ ዮሐንስ ልጅ ማለት ነው። ጊለ በጊዜ ብዛት ተቆራርሶ ኤል ብቻ ስለቀረ፣ ከማክ ቀጥሎ ኤል ባዩ ቁጥር በቆየው መዝገብ ውስጥ ጂ፣ አይና ሁለት ኤል ያሉበትን ረጅም መልክ ጭምር ይፈልጉ።

ሴቶችን ሲፈልጉ ሌላ ወጥመድ ይጠብቅዎታል። በጌሊክ ተናጋሪ አካባቢዎች ሴት ልጅ «ማክ» ሳይሆን «ኒክ» ትባላለች፤ በአጥቢያ መዝገብ ላይም ኤንና ሲ ሆኖ ይጻፋል። ወንድሟ በኤም ሥር፣ እርሷ በኤን ሥር ስለሚገኙ፣ ማውጫውን በኤም ብቻ የፈተሸ ሰው እህትማማቾቹን በሙሉ ያጣቸዋል።

ሦስተኛ፦ ስሙ ተተርጉሞ ወይም ተከልክሎ እንደሆነ ያጣሩ

የሆሄ ዝርዝርዎ ሁሉ ተሞክሮ ቤተሰቡ ከአንድ የተወሰነ ዓመት በፊት ባሉት መዛግብት ጨርሶ ከጠፋ፣ ምክንያቱ ከሆሄ በላይ ሊሆን ይችላል። ሃይላንድ ከሚባለው ተራራማ ምድር ወደ ግላስጎው የወረዱ ብዙ ቤተሰቦች የጌሊክ ስማቸውን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውታል። ማኪንታየር «የአናጢ ልጅ» ስለሆነ ራይት፣ ማክጋወን «የአንጥረኛ ልጅ» ስለሆነ ስሚዝ ይሆናል። «የቄስ ልጅ» የሚል ትርጉም ያለው ማክታጋርት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ቆይቷል። ስለዚህ ስሚዝ የሚል ስም ይዘው ሃይላንድ ሲደርሱ መንገዱ ከተዘጋብዎ፣ ስሙን ወደ ጌሊክ መልሰው እንደገና ይጀምሩ።

በሕግ የተከለከለ ስምም ነበር። በ1603 ማክግሬገሮች በግሌን ፍሩን ከኮሁኖች ጋር ተዋግተው ድል ካደረጉ በኋላ፣ በንጉሥ ጀምስ ስድስተኛ ዘመነ መንግሥት ማክግሬገር ተብሎ መጠራት በሞት የሚያስቀጣ ሆነ። ክልከላው በ1661 ቢነሣም በ1693 ተመልሶ ተጣለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰዎቹ ካምቤል፣ ድራመንድ፣ መሪ፣ ግራንት፣ ስቱዋርት እየተባሉ ኖሩ፤ ዝነኛው ሮብ ሮይ ራሱ የእናቱን ወገን ስም ወስዶ ካምቤል ይባል ነበር። ከ1774 በኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። ሆኖም በፐርዝሻየር የተገኘ ድራመንድ ሁሉ ስውር ማክግሬገር ነው ብሎ መደምደም የጀማሪ ስሕተት ነው፤ በመዝገቡ ላይ በሁለቱ ስሞች መካከል «ወይም» አለዚያም «በሌላ ስሙ» የሚል ቃል ተጽፎ ካላገኙ ግምቱን በግምትነቱ ይተዉት።

በሸትላንድ ደሴቶች ደግሞ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙዎቹ ደሴተኞች በየትውልዱ በአባታቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ የማግነስ ወንድ ልጅ ማግነስሰን፣ ሴት ልጁ ማግነስዶተር ትባላለች፣ የልጅ ልጁ ስም ደግሞ ከሌላ ይጀምራል። በዚያ ምድር «ስሙ ለምን ተለወጠ» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ መጠየቅ ያለበት በየትኛው ትውልድ ላይ መለወጡን እንዳቆመ ነው። ማንሰን የተባለው ስም ማግነስሰን አጥሮ በአንድ ቦታ የቆመበት መልክ ነው። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በባኪ አካባቢ ባሉ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች፣ አንድ የቤተሰብ ስም ብዙዎች ስለሚጋሩት ቤተሰቦችን ለመለየት «ቲ ኔም» የሚባል የቅጽል ስም ይጨመር ነበር፤ በመዝገብ ላይ ሲያዩት ሌላ የቤተሰብ ስም መስሎ እንዳያሳስትዎ።

አራተኛ፦ ከ1855 ወዲህ ባለው ምዝገባ ላይ ይቁሙ

በስኮትላንድ የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1855 ነው። ፍለጋው ከታወቀው ወደማይታወቀው ወደ ኋላ እየሄደ እዚህ ዓመት ላይ ጠንካራ መሠረት ያገኛል፤ ምክንያቱም የስኮትላንድ መዝገብ እናትን አይረሳም። በልደት፣ በጋብቻና በሞት መዝገብ ላይ እናት ከጋብቻ በፊት በነበራት የቤተሰብ ስም ጭምር ትጻፋለች፤ ሚስቶችም በሞት መዝገብ በሁለቱም ስሞቻቸው ይገኛሉ። የአባት ስም ሆሄው ሲዋዥቅ ቤተሰቡን የሚይዝልዎ የእናት ስም ነው። አባት በ1858፣ በ1861ና በ1864 በሦስት ሆሄ ቢጻፍና የእናት ስምና የቤተሰቡ መንደር ባይለወጡ፣ ሦስቱ ሕፃናት ወንድማማች ስለመሆናቸው ጥሩ ማስረጃ አለዎት።

የ1855ን ዓመት መዝገብ እንደ ሀብት ይቁጠሩት። በዚያ ዓመት ብቻ የልደት መዝገቡ የወላጆችን ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበትን ቀንና ስፍራ፣ የቀደሙትን ልጆች ጭምር ይይዝ ነበር፤ ለመዝጋቢዎቹ ሥራው ስለበዛ በ1856 አብዛኛው ዝርዝር ተቀነሰ፤ የወላጆች ጋብቻ ቀንና ቦታ ከ1861 ጀምሮ ተመለሰ። ቀጥተኛ አያትዎ በዚያ ዓመት ባይወለዱ እንኳ፣ ወንድም ወይም እህት በ1855 ተወልዶላቸው እንደሆነ ያረጋግጡ።

ሰነዱን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚታየው ስሙ ነው፤ እኔ ግን ቀድሜ የማየው አስመዝጋቢው የፈረመበትን ዓምድ ነው። ሰውየው በገዛ እጁ ፈርሞ ከሆነ ያ ፊርማ የቤተሰቡ ሆሄ ነው፤ ከመዝገቡ አካል ጋር ካልተስማማ ፊርማውን ይመኑ። ስሙ አጠገብ የመስቀል ምልክት ብቻ ካለ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ነበርና፣ የሚያዩት ሆሄ የመዝጋቢው ጆሮ የሰጠው ነው። የሞት መዝገብ ላይ ደግሞ አስመዝጋቢው ልጅ ነው ወይስ ጎረቤት ብለው ይጠይቁ፤ ጎረቤት የሟችን እናት ስም በትክክል የሚያውቅበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በኅዳጉ ላይ የእርማት መዝገብን የሚጠቅስ ማስታወሻ ካለ ያንን ገጽ ሳያዩ አይለፉ፤ ስሙ በኋላ የታረመው በዚያ ይገኛል።

አምስተኛ፦ የሕዝብ ቆጠራውን ለቦታ ይጠቀሙበት

ከ1841 እስከ 1921 በየዐሥር ዓመቱ የተደረጉት ቆጠራዎች ለምርመራ ክፍት ናቸው። ቆጣሪው የሚጽፈው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሰማውን ስለሆነ በሆሄ ረገድ እምነት አይጣልባቸውም፤ የቤተሰቡን አባላት በአንድ ላይ ማሳየታቸው ግን ትልቅ ጥቅም ነው። የቤተሰብ ስሙን ትተው የባልን፣ የሚስትንና የሁለት ልጆችን የመጀመሪያ ስም ከዕድሜያቸው ጋር ይፈልጉ። ከ1851 ጀምሮ የተወለዱበት አጥቢያም ተጽፏል። በ1841 ግን የዐዋቂዎች ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ተጠጋግቷልና በዕድሜ አይከራከሩ።

ስድስተኛ፦ ወደ አጥቢያ መዛግብት ይውረዱ

ከ1855 በፊት ያለው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ አብዛኛው በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ መዛግብት ውስጥ ነው፤ ከሁሉም የቆየው በ1553 የተጀመረው የኤሮል አጥቢያ፣ ፐርዝሻየር፣ መዝገብ ነው። የሚጽፈው የአጥቢያው ጸሐፊ፣ ብዙውን ጊዜ የመንደሩ የትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ሲለወጥ የቀለሙ መልክና የእጅ ጽሕፈቱ፣ ከእርሱም ጋር የስሞች ሁሉ ሆሄ ሊለወጥ ይችላል። የእርስዎ ቤተሰብ ስም በ1790 ድንገት ተለውጦ ካገኙት፣ በዚያው ገጽ የጎረቤቶቹ ስሞችም ተለውጠው እንደሆነ ይመልከቱ። ተለውጠው ከሆነ ቤተሰቡ ምንም አላደረገም፤ የተለወጠው ጸሐፊው ነው።

ክርስትና ከተነሡት ልጆች አንዱ ጠፍቶ ቢያገኙ ሆሄውን ብቻ አይክሰሱ። ከ1783 እስከ 1794 በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ ሦስት ፔንስ ቀረጥ ስለነበረ ብዙ ድሆች ሳያስመዘግቡ ቀርተዋል፤ ከ1733ቱ መለየትና ከ1843ቱ ታላቅ መከፈል በኋላም ከዋናው ቤተ ክርስቲያን የወጡ ቤተሰቦች በእነዚህ መዛግብት ላይ አይታዩም።

ሰባተኛ፦ የፍለጋ ሣጥኑን በብልሃት ይሙሉ

እነዚህ ሁሉ መዛግብት ኤድንብራ በሚገኘው የስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት የተያዙ ሲሆን፣ ስኮትላንድስፒፕል በተባለው ድረ ገጹ ላይ ማውጫውን መፈለግ ነጻ ነው፤ የሰነዱን ምስል ለማየት ግን ይከፈላል። ገንዘብዎን ላለማባከን በማውጫው ላይ ብዙ ይስሩ።

ኮከብ ምልክት የማናቸውንም ያህል ፊደላት ቦታ ይይዛል። ማኪንታየርን ለመፈለግ ኤም፣ ኮከብ፣ ኤንና ቲ፣ ኮከብ፣ አር፣ ኮከብ ብለው ቢያስገቡ ማክ በምንም መልክ ቢጻፍ፣ አናባቢዎቹም በምንም ቢለዋወጡ ያወጣልዎታል። የድምፅ ተመሳሳይነትን የሚከተለው «ሳውንዴክስ» የተባለው ዘዴም አለ፤ የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ትቶ ተከታዮቹን ተነባቢዎች ወደ ሦስት አኃዝ ይቀይራል። ለስኮትላንድ ስሞች ግን ሁለት ጉድለት አለበት። ማኪንቶሽና ማኪንታየር ፈጽሞ የተለያዩ ጎሳዎች ሆነው ሳለ ሁለቱም ኤም 253 ይሆናሉ። ዋይት በደብሊው ሲጻፍ ደብሊው 300፣ በጥንቱ ኪው ሲጻፍ ኪው 300 ስለሚሆን፣ ያው አንድ ስም ሆኖ አይገናኝም። ለማክ ስሞች ኮከቡን እመርጣለሁ።

የጋብቻ መዝገብ ሲፈልጉ በአንዱ ወገን የቤተሰብ ስም ላይ ኮከብ አድርገው የሌላውን ወገን ስም በሙሉ ያስገቡ፤ የማይዋዥቀው ስም የሚዋዥቀውን ጎትቶ ያመጣዋል። ማውጫውን ያዘጋጀው ሰው ራሱ ኤልን ከኤስ፣ ዩን ከኤን ሊያምታታ ስለሚችል፣ ምስሉን ሲያዩ ማውጫው ያለውን ረስተው በገዛ ዓይንዎ ያንብቡ።

ስምንተኛ፦ ያገኙትን ይፈትሹና ይመዝግቡ

ለእያንዳንዱ ግኝት አንድ መስመር ይስጡ፤ ዓመቱን፣ አጥቢያውን፣ ሆሄውን ፊደል በፊደል፣ ማን እንደተናገረና ማን እንደጻፈ ያስፍሩበት። ሆሄውን አያስተካክሉ፤ ስሕተት የሚመስለው ነገር ነገ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሆሄዎችን የአንድ ሰው ናቸው ለማለት እኔ ከስሙ ውጪ ሦስት ነገሮች እንዲስማሙ እጠይቃለሁ፤ የትዳር ጓደኛ ሙሉ ስም፣ ቦታው፣ እንዲሁም ሥራው ወይም የእናቱ ስም።

የስኮትላንድ የስም አወጣጥ ልማድ ረዳት ማስረጃ ይሆናል። በልማዱ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት። የልጆቹ ስም ተራ ከገመቷቸው አያቶች ጋር ከገጠመ ግምቱ ይጠነክራል፤ ካልገጠመ ግን አይጥሉት፣ ልማዱን የጠበቀው ሁሉም ሰው አይደለምና።

ሦስቱ ነገሮች ካልተሟሉ ሁለቱን ሰዎች በሐረጉ ላይ በነጠብጣብ መስመር ያገናኟቸውና የጎደለው ሰነድ ምን እንደሆነ በመስመሩ ላይ በእርሳስ ይጻፉበት፤ ለምሳሌ «የእህቱ የሞት መዝገብ፣ ከ1855 በኋላ፣ ለእናት ስም»።